ኑርሁሴን እውነቱን የተናገረ ዕለት

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሽ ኑርሁሴን በማለዳ በሩን ሲያንኳኳበት ደስ የሚለው ሰው የለም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ጠብ አያውቅም፣ የሰው ወሬ አያመላልስም። ሥራው ፍራሽ መሥራት ነው፤ ጥጥ ሲነድፍ ውሎ፣ ሽበቱና ጥጡ እስከማይለይ ድረስ ነጭ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ግን አዲስ ፍራሽ ያዘዘች ሴት ሁሉ፣ ተሰናብታ ከወጣች በኋላ ከደጃፍ ዞር ብላ አንድ ነገር ታክላለች። «ጋሼ፣ አደራዎን፣ ከሰዓት በኋላ ያምጡልኝ።» ምክንያቱን አትናገርም፣ እሱም አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ለሙሽራ የተሠራ ባለ አበባ ፍራሽ ተሸክሞ በጠዋት ቢሄድ፣ የሙሽራዋ እናት በሩን ከፍታ ስታየው እዚያው ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ጀርባው ላይ የተሸከመውን ለማየት እንኳ ፋታ አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚሄደው መስጊድና ሱቁ ብቻ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጋሽ ኑርሁሴን የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ ነው።

ማንም አልሾመውም። ወጣት ሳለ የቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ፍራሾች የሚቀመጡት እሱ ዘንድ ስለነበር፣ ሰው በሞተ ቁጥር ለቅሶ ቤት የሚነጠፈውን ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አንድ ቀን ሽማግሌዎች ባሏ የሞተባትን ሴት ሊያረዱ ገብተው ዋናው ተናጋሪ ድምፁ ተዘጋበት። ሴትዮዋ ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች፣ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ይሄኔ ፍራሽ ታቅፎ በር ላይ የቆመው ኑርሁሴን ሳያስበው ተናገረ። ምን እንዳለ ዛሬ አያስታውሰውም። ሴትዮዋ ግን በኋላ «ያን ድምፅ ባልሰማ አብጄ ነበር» አለች ተባለ፤ ሥራው በዚያው እሱ ላይ ቀረ። ለመልካም ድምፅ የሚሰጠው ሹመት እንግዲህ ይኸው ነው።

ሥርዓት አለው። መርዶ በማታ አይነገርም፤ ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ከሐዘን ጋር ብቻውን መተው ግፍ ነው። በስልክማ ጭራሽ ነውር ነው። ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሁለት ወይ ሦስት ሆኖ፣ ጋቢ ደርቦ ይኬዳል። ሟቹ ያረፈው ሌላ አገር ከሆነና ሐዘንተኛውን እዚያ ማድረስ ካስፈለገ ደግሞ እውነቱ ለመንገድ አይሰጠውም። «ትንሽ አሞት ነው፣ ሄደን እንየው» ይባላል። «ተጋጭቶ ነው እንጂ ደህና ነው» ይባላል። ሰውየው በመንገድ ላይ መጠርጠር ይጀምራል፣ ጥርጣሬው ልቡን ያለማምደዋል፣ ሲደርስ ድንኳኑን ያያል። ኑርሁሴን ይህን ውሸት ብሎ ጠርቶት አያውቅም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የስንቱን ደጃፍ እንደረገጠ አላህ ይወቀው፤ ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት እግሩ አልነሳ ይለው ነበር፤ ግን ሄደ።

ነገሩን ውሸት ብሎ በስሙ የጠራው ጎረቤቱ ቢያዝን ነው። ቢያዝን ከፍራሽ ቤቱ ጎን ፎቶኮፒ ቤት አለው። የወንጌል አማኝ ነው፤ ሰፈሩ ጴንጤው ይለዋል፣ እሱም አይከፋውም። የሚከፋው ውሸት ሲሰማ ነው። ደንበኛ ስልክ አንስቶ «መንገድ ላይ ነኝ፣ እየደረስኩ ነው» ሲል ከሰማ፣ ኮፒውን አቁሞ «ወንድሜ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ነህኮ» የሚል ሰው ነው። በዚህ የተነሳ ያጣው ደንበኛ ብዙ ነው።

በሁለቱ ሱቆች መሀል ኩኩ ሻይ ትሸጣለች። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሁለቱ ሰዎች በኩኩ ዱካ፣ በእንጨት በርጩማዎቿ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ኩኩ ብርጭቆ እያጠበች ትዳኛለች፣ ፍርዷም እንደ ዕለቱ ስሜቷ ነው።

«ጋሽ ኑርሁሴን» ይላል ቢያዝን፣ «የሞተን ሰው ታሟል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ታሞ አይደል የሞተ?»

«ቢሆንስ! አሁን አልጋ ላይ ነው ወይስ መቃብር?»

«አንተ ሐቅ የምትለው እንደ ማሽንህ ነው፤ ያስገቡለትን ያወጣል፣ ማን እንደሚያነበው ግድ የለውም። ሰው ወረቀት አይደለም ቢያዝን። ሰው ይቀደዳል።»

«ወረቀትም ይቀደዳል» ይላል ቢያዝን፤ ኩኩ ትስቃለች።

«ሐቅ ሰዓት አለው ነው የምልህ።»

«እሺ፣ ሰዓቱን ማን ወሰነው? የሞተው የእኔ ሰው ከሆነ እውነቱም የእኔ ነው። እርስዎ ምን ቤት ነዎትና የእኔን እውነት ኪስዎ ከትተው ይዘው የሚዞሩት?»

«አላህ አዛኝ ነው ልጄ።»

«አዛኝ ነው፤ ግን አይዋሽም።»

እዚህ ሲደርሱ ኩኩ ጣልቃ ትገባለች። «እኔ ሻዩ ትኩስ ነው ወይ ሲሉኝ ሁልጊዜ አዎ ነው የምል። ትኩስ ነው ብዬ ስሰጠው ሰውየው ይሞቀዋል፤ ወላሂ ላብ ሲያልበው አይቻለሁ።» ከዚያ ሦስቱም ይስቃሉ፣ ወደየሥራቸው ይመለሳሉ፣ ክርክሩም ሳይቋጭ ለነገ ያድራል።

ክርክር ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት።

የቢያዝን እናት እማማ ባይነሽ ደሴ፣ ሆጤ፣ ከልጃቸው ከጽናት ጋር ነበር የሚኖሩት። አንድ ሰኞ ጽናት ደወለች፤ የደወለችው ግን ለወንድሟ ሳይሆን ለኑርሁሴን ነው። «ጋሼ፣ እማዬ ዐረፈች። ቢያዝን ብቻውን እንዳይሰማ፣ እርስዎ ይዘውልኝ ይምጡ።» ኑርሁሴን ስልኩን ዘጋ። በግድግዳው ማዶ የቢያዝን ማሽን ይጮኻል። ሄደና «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሄደን እንይ» አለው። ቢያዝን እንኳን ሊጠረጥር፣ አብሮት ስለመጣ አመሰገነው።

ሚኒባሱ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ መጠማዘዝ ሲጀምር ቢያዝን ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ። እናቱ የእግር ሕመም ነበረባቸውና መጀመሪያ ስለ እግራቸው ጸለየ፤ ቀጥሎ ስለ ልባቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ ዕድሜ እንዲጨመርላቸው። ከዚያ ወደ ኑርሁሴን ዞሮ «እርስዎም አሚን ይበሉልኝ ጋሼ፣ በራስዎ መንገድ» አለው። ኑርሁሴን አሚን አለ። ዳገቱ እስኪያልቅ ደጋግሞ አለ። በዕድሜው ሙሉ ያን ያህል የረዘመ መንገድ ሄዶ አያውቅም።

ከቀብር በኋላ ቢያዝን ያን ሰሞን አላናገረውም። አንድ ቀን ግን ፍራሽ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

«ሞቷን ስለደበቁኝ አይደለም ጋሽ ኑርሁሴን። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ሥራ ነበረኝ፤ ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ለሬሳ ዕድሜ ስጠይቅ፣ እርስዎ አሚን እያሉ አብረውኝ ተቀመጡ። እግዚአብሔር ፊት አስቂኝ አደረጉኝ። ከእንግዲህ ስጸልይ ማን አጠገቤ ሆኖ እውነቱን እያወቀ እንደሚሰማኝ አላውቅም።»

ኑርሁሴን ሐቅ ሰዓት አለው እንዳይል፣ ያ ሰዓት የማን እንደነበር አሁን ታየው። ያን ማታ ለባለቤቱ ለፋኢዛ «ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ የሞተን ሞተ፣ የታመመን ታመመ ነው የምል» አላት። ፋኢዛ ሰፌዱን አስቀምጣ አየችው። «ምነው? አንቱ ካልዋሹልን ማን ሊዋሽልን ነው?» አለች። የተናገረችው ከልቧ ነበር።

ቢያዝን በበኩሉ ቁጭቱ ስላልወጣለት ታሪኩን ለሰው ሁሉ ተናገረ። ለኩኩ ነገራት፣ ለምእመናኑ ነገራቸው፣ ኮፒ ሊያነሳ ለመጣ ሁሉ ነገረ። «እናቴ ታማለች ብለው ነው የወሰዱኝ፤ ስደርስ ድንኳን!» ሐቅ ነው፣ የጨመረው ነገር የለም። ኑርሁሴንም በማማቱ አልተቀየመውም፤ የሚገባኝ ነው ብሎ ተሸከመው። ቀስ በቀስ ታረቁ፣ በዱካም ተቀመጡ፤ ክርክሩ ግን አበቃ፤ ኑርሁሴን ተሸንፏላ።

እንግዲህ ያ ጠዋት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ኑርሁሴን ከመስጊድ ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። ሀፊዝ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የሰፈሩ ልጅ። እያለቀሰ ነው። ንጋት ላይ ከደሴ ሲወርዱ ሐረጎ ላይ መኪናው ተገልብጧል፤ እሱን ብዙም አልነካውም፣ ረዳቱን ተውፊቅን ግን ብረቱ ተጭኖት ነው ያወጡት። ደሴ ሆስፒታል አስገብተውታል።

«አለ ጋሼ፣ በሕይወት አለ። ይናገራል። ግን የሐኪሞቹ ፊት ደስ አይልም። ‹እናቴ መጣች?› ነው የሚል፤ ይተኛና ነቅቶ ያንኑ ነው የሚል። ይዘውልኝ ይምጡ፣ ቶሎ፣ በአላህ።»

«ለእሷ ለምን አልደወልክም?»

«እንዴት ብዬ በስልክ! ነውር አይደል?»

ተውፊቅ የኡሙሰልማ ብቸኛ ልጅ ነው። ኡሙሰልማ ደጃፏ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ እየሸጠች ነው ያሳደገችው፤ አባቱ የሞተው ልጁ ገና መራመድ ሳይጀምር ነው። የባሏንም መርዶ ያረዳት ኑርሁሴን ነበር፤ እዚያው ቤት፣ እዚያው ደጃፍ ላይ። ይህን ያን ጠዋት አላሰበውም። ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምነግራት እውነት አለኝ፣ ለዚያውም ልጇ በሕይወት አለ የሚል እውነት። ሸክም እንደወረደለት ቀለለው፣ የሚያስደስት ነገር ይዞ የሚሄድ ሰው ሆነ። ቢያዝን ሱቁን እየከፈተ ነበርና ነገረው።

«እንዳለ ይንገሯት» አለ ቢያዝን። «ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ሄዱ። ሁለት ሆነው፣ በጠዋት፣ አንደኛው ጋቢ ደርቦ። እነዚህ ሁለት አስተዋይ ሰዎች፣ ያን ያህል ዘመን ስለ ቃል ሲከራከሩ የኖሩ፣ ምን መስለው እየሄዱ እንደሆነ አንዳቸውም አላሰቡትም። የመጡበትን ባጃጅ በር ላይ አቁመው ኑርሁሴን አንኳኳ።

ኡሙሰልማ ግቢውን እየጠረገች ነበር። ከፈተች። አየችው። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«ኸይር ነው?» አለች፤ ድምፅ የላትም።

«ኡሙሰልማ፣ ስሚኝ። ተውፊቅ መኪና ተገልብጦበት ተጎድቷል። በሕይወት አለ። ደሴ ሆስፒታል ነው፣ አንቺን ይጠራል። ባጃጅ ይዣለሁ፣ መናኸሪያ ያደርሰናል፣ አሁኑኑ እንሂድ።»

አንዲት ሐሰት የለችበትም። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ኡሙሰልማ ግን ቃሉን አልሰማችውም፤ የምታየው ፊቱን ነበር። ያ ፊት በዚህ ሰዓት በዚህ ደጃፍ ላይ አንድ ጊዜ ቆሟል፤ ያን ጊዜም «ባልሽን ትንሽ አሞት ነው» ብሎ ነው የጀመረው። «ኢና ሊላሂ» አለች፣ ሞት የሰማ ሰው የሚለውን፣ ቀጥላም «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ሰፈሩን በሙሉ ጠራው።

ሰው ገባ። መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤቷ ሳሚያ ናት፤ ኡሙሰልማን ከመሬት አንስታ አቀፈቻት፣ በትከሻዋ አሻግራ ኑርሁሴንን አየች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አለ! ልጁ በሕይወት አለ!» ይላል ኑርሁሴን።

«እሺ ጋሼ» ትላለች ሳሚያ፣ አንገቷን በአክብሮት እየነቀነቀች። «እሺ፣ ገብቶናል። አሁን ይተዉአት፣ ታልቅስ።»

«የምን ማልቀስ! ወላሂ አልሞተም!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ አጥብቆ ሲምል ሰምተውት አያውቁም፤ እንግዲያስ ነገሩ የከፋ ነው፣ ሬሳው ተጎድቶ ይሆናል ብለው አሰቡ። የቅሬው ዳኛ ወደ ጥግ ስቦት ቀስ ብሎ «ቀብሩ እዚህ ነው ወይስ ደሴ?» ሲል ጠየቀው። ኑርሁሴን ደም ፍላት ያዘው። ሀፊዝ ጋ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ለኡሙሰልማ ጆሮ አስጠጋላት። ሀፊዝ አነሳ፣ ግን ልጁ መቼም ልጅ ነው፣ መጀመሪያ ያሰማው ልቅሶውን ነው። ከዚያ «እማ፣ አለ፣ ኦፕራሲዮን ሊያስገቡት ነው፣ ‹እናቴን› እያለ ነው፣ ምነው ቆያችሁ?» አለ። ኡሙሰልማ ስልኩን በእጇ ገፋችው። «ይህንንም አስተማራችሁት? የልጄን ጓደኛ?» አለች። ከዚያ ወዲያ ስልክ አልቀርብ አለች።

ይሄኔ ቢያዝን ወደ መሀል ገባ። «ወገኖቼ፣ እኔን ታውቁኛላችሁ። እኔ አልዋሽም። ይህ ሰው እውነቱን ነው!»

ሳሚያ በርኅራኄ አየችው። «ቢያዝንዬ» አለች፣ «አንተንስ እንዲሁ ብለው አይደል ወደ እናትህ የወሰዱህ? አንተው አይደለህ የነገርከን? አንተ ምን ታውቃለህ፣ ለአንተም የነገሩህ ይህንኑ ነው።»

ቢያዝን ዞሮ ኑርሁሴንን አየው። በዚያች ቅጽበት፣ ነገሩ ይደንቃል፣ እሱም ተጠራጠረ። ኑርሁሴን ጥርጣሬውን ከዓይኑ አነበበው። አንድ የሚያምነው ሰው ነበር የቀረው።

ግቢው ሞላ። ድንኳኑ መጣ፤ ሁለት ወጣቶች ችካል ይመታሉ። ኑርሁሴን ክንዳቸውን ይዞ «ተዉ!» ይላል፤ «አብሽሩ ጋሼ፣ እኛ እንሠራዋለን፣ አንቱ ይቀመጡ» ይሉታል። ኡሙሰልማን ሊያስነሳ ሲሞክር ሴቶቹ ከበው አያስደርሱትም፤ እናት ሬሳ ፍለጋ አትሄድም፣ ሬሳው ይመጣላታል። ከዚያ ፍራሽ መጣ። የእሱ የራሱ ፍራሽ፣ ከሱቁ፣ በጋሪ። ፋኢዛ ራሷ ከፍታ ሰጥታ፣ አብራም መጥታለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

«አንቺም?» አላት።

«በሱብሂ ጋቢ ደርበው ከጴንጤው ጋር ኡሙሰልማ ቤት ገቡ ሲሉኝ ምን ልበል?» አለች ፋኢዛ።

ኑርሁሴን ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። አርባ ዓመት የተጠቀመበት ድምፅ ነበረው፤ ያ ድምፅ በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለማሳመን ነው የሚያገለግል። ፀሐይ ከፍ እያለች ነው። ዳገቱ ማዶ አንድ ልጅ እየነቃ እናቴ መጣች ወይ ይላል። እውነት ለብቻዋ ምንም አቅም እንደሌላት፣ የሚሸከማት ሰው ካጣች ሜዳ ላይ እንደምትቀር፣ ይህን ማንም አስተምሮት አያውቅም፤ ቢያዝንም፣ ሸኾቹም፣ ኩኩም። ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። ኡሙሰልማ ፊት ሄዶ ተንበረከከ፣ ያንን ድምፁን አወጣ።

«ኡሙሰልማ፣ ሁላችንም የአላህ ነን። አደራውን ሰጥቶሽ ነበር፣ አደራውን ወሰደ። ተውፊቅ ዐርፏል። ሬሳው ደሴ ነው፣ አንቺ ካልመጣሽ አይሰጡንም። ነይ፣ ልጅሽን እንውሰድ።»

ኡሙሰልማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ በደንብ አየችው። «አሁን ነገሩኝ» አለች። «አላህ ይስጥዎት፤ አሁን ነገሩኝ።» ተነሳች።

ከዚያ በኋላማ ሁሉም ነገር ቀና። ያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ሆነ፤ ሚኒባስ ተገኘ፣ መገነዣ ተያዘ፣ ሴቶቹ ደግፈው አወጧት። ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አልተጠራጠረ። ኑርሁሴን ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ ቢያዝን ከኋላው። ለቢያዝን በጆሮው «አልሞተም፣ ወላሂ አልሞተም» አለው፤ ቢያዝን «አውቃለሁ» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ። መኪናው ሐረጎን ሲጀምር ከኋላ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ ኑርሁሴን ደግሞ በሆዱ ተስፋ ያደርጋል። ያ ረቢ፣ ውሸታም አድርገኝ ይላል። እደርስና ልጁ ቁጭ ብሎ ይጠብቀን፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሳቅብኝ፣ ሁለተኛ ማንም ደጃፍ አልቁም፣ ብቻ ውሸታም አድርገኝ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። የሀፊዝን ስም አየና አላነሳውም፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል፣ ምን ብሎ ያወራል? ደግሞ ነዘረ። ከዚያ ዝም አለ።

ሀፊዝ ሆስፒታሉ በር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ኑርሁሴን ከመኪናው ሳይወርድ ከአቀማመጡ አወቀ። ሀፊዝ ሲያየው ብድግ አለ። «ጋሼ፣ አሁን፣ ገና አሁን፣ እስከ መጨረሻ ‹እናቴ›…» ሊል ጀመረ፤ ኑርሁሴን ጎትቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው፣ አፉን በጋቢው ውስጥ ቀበረው። ልጁ እዚያ ውስጥ ተንሰቀሰቀ። ከኋላ ሰዎቹ እየወረዱ ነበር።

ኡሙሰልማ በሳሚያ ተደግፋ መጣች። አትጮኽም። ኑርሁሴንን አልፋ ሄዳ ቢያዝን ፊት ቆመች።

«አንተ አትዋሽም ይሉሃል» አለችው። «ጠዋት ይጠራሻል ብለውኛል፣ በስልኩም እንደዚያው ሰማሁ። አሁን አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ ምንም አልሆንም፣ ንገረኝ። ልጄ ጠርቶኝ ነበር?»

ቢያዝን ሀፊዝን አየ። ድንኳኑ ሲተከል፣ ችካሉ ሲመታ፣ እሷ ስልኩን ስትገፋ፣ ያን ጊዜ ሁሉ ልጁ እየጠራት እንደነበር እሱ ያውቃል። እሷ የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

«አልጠራም፣ እትዬ» አለ። «መኪናው እንደተገለበጠ ነው ያረፈው። ምንም አልተሠቃየም። ማንንም አልጠራም።»

ኡሙሰልማ ትንፋሿን ለቀቀች። አመነችው፤ እሱ የማይዋሽ ሰው ነው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኑርሁሴን ዞረች።

«እንግዲያ አንቱ፣ ጠዋት፣ አለ፣ ይጠራሻል ያሉኝ?»

ሀፊዝ ጋቢው ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ኑርሁሴን የበለጠ አጥብቆ ያዘው።

«ዋሽቼሽ ነው፣ ኡሙሰልማ» አለ። «እንድትነሺልኝ ብዬ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ገብቶኝ ነበር» አለች። «ወዲያው ነው የገባኝ።»